ልጄ እባብ ይዞ ገባ፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ

የሁለት_ልጆች_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የማማክረው ሰው አጥቼ ነው።

የ13 ዓመት ልጄ ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘን ከረመ። በመጨረሻ አባቱ እጅ ሰጠ። ባለፈው ቅዳሜ ኮርን ስኔክ የሚባል እባብ በመስታወት ሳጥን ይዘው ከች አሉ። ብርቱካንማ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለው። ውፍረቱ እርሳስ ያህላል፣ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስሙን "ዚፕ" ብለውታል። ሁሉም በደስታ አብደዋል። እኔ ግን ማታ ማታ የልጄን በር ሥር በፎጣ ወትፌ ነው የምተኛው። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ በስልክ መብራት ሳጥኑን አያለሁ። ካልታየኝ ልቤ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ከመደበቂያው ሥር ጭራው ብቅ ይላል።

መርዝ የለውም ብለውኛል። እውነት ምንም የለውም ወይስ "ትንሽ ነው" ለማለት ነው? ሲያድግስ? የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ አንድ ቀን አንገቷ ላይ ቢጠመጠምስ? ደግሞ ምግቡ የሞተ አይጥ ነው ተባልኩ። እሱም ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። የእኛ ፍሪዘር ውስጥ!

እባካችሁ አትሳቁብኝ።

ቅርፊት_ወዳጅ

እህቴ፣ ማንም አይስቅብዎትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እርስዎማ ያዩት ልጥ ሳይሆን እባቡን ራሱን ነው። 11 ዓመት እባብ አሳድጌያለሁ። እናቴ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍሌ ደፍ ላይ ቆማ ነበር የምታናግረኝ።

ኮርን ስኔክ መርዝ የለውም። ትንሽም የለውም። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ እርሻና ጎተራ አካባቢ አይጥ እያሳደደ የሚኖር እባብ ነው። ኮርን ስኔክ፣ ማለትም "የበቆሎ እባብ" የተባለው በበቆሎ ጎተራ ስለሚገኝ ነው ይላሉ፤ ሆዱ ላይ ያለው ነጭና ጥቁር ዳማ ፍሬው ዝንጉርጉር የሆነ በቆሎ ስለሚመስል ነው የሚሉም አሉ። ሆዱን አንድ ቀን ይዩት። ያምራል።

ሲያድግ ከ90 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ግን ቀጭን ነው፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎ አይሞላም። የሚበላውን ጠምጥሞ ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን የሚይዘው መዋጥ የሚችለውን ነው። ምግቡን አያኝክም፣ እንዳለ ነው የሚውጠው። ስለዚህ የአይጡ ወርድ ከራሱ ወገብ ወርድ ብዙም እንዲበልጥ አይፈለግም። ልጅዎ ለእሱ ዛፍ ናት። ሊወጣባት ይሞክር ይሆናል እንጂ ሊበላት አያስብም። ያም ሆኖ እባብ ሕፃን አንገት ላይ አይደረግም፣ ሕፃንና እባብ ብቻቸውን አይተዉም። ውሻም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ይልቅ ማንም ያልነገረዎትን ልንገርዎት። ይህ እባብ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ ዚፕ ገና ጎረምሳ ነው። ያኔ ማን እንደሚመግበው ይገምቱ።

የሁለት_ልጆች_እናት

የመጨረሻዋን ባትነግረኝ ይሻል ነበር። እና እባካችሁ አንቺ በሉኝ፤ አላረጀሁም።

እሺ_አላልኩም

እኔ ልለይ። እባብ ያው እባብ ነው፣ የእባብ ልጅ እፉኝት። አንዷ ሴትዮ ዘንዶ ታሳድግ ነበር አሉ። እንስሳው መብላት ተወ፣ ማታ ማታ ከጎኗ ቀጥ ብሎ መተኛት ጀመረ። ሐኪም ጋ ስትወስደው "እየለካሽ ነው፣ ሊውጥሽ እየተዘጋጀ ነው" አላት። ይሄን ሁሉ እያወቁ እናትየውን "አይዞሽ" ማለት ደግ አይደለም።

ቅርፊት_ወዳጅ

ያቺ ሴትዮ በየአገሩ አለች። አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ የጓደኛ አክስት ናት። ስሟን የሚያውቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እባብ አይለካም። አድፍጦ ይጠብቃል፤ ሽታው ወይም ሙቀቱ የምግብ ከመሰለው ይወረወራል። ሊበሉት ካሰቡት እንስሳ ጎን ለሳምንት ተጋድሞ መክረም ለአዳኝ ምን ይጠቅመዋል? አይጥ ቢሆን ይጠብቀው ነበር?

ሰው የዋጠ እባብ አለ፣ አልክድም። ግን እሱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ሬቲኩሌትድ ፓይተን ነው፤ ከ6 ሜትር በላይ የሚያድግ ዘንዶ። እሱን ከዚፕ ጋር አንድ ማድረግ ነብር ሰው ስለበላ ድመት እንደመፍራት ነው።

እሺ_አላልኩም

እሺ፣ የመለካቱን ነገር ልተወው። ግን ይሄን መልስልኝ፦ ልጁ እባብ እንደማይነክስ ቤቱ ተምሮ አደገ። ነገ ደጅ ሣር ውስጥ ሌላ እባብ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? እጁን ይሰዳል!

ቅርፊት_ወዳጅ

እዚህ ላይ ልክ ነህ። በዚህ ውይይት ውስጥ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፣ እኔም ቀድሜ ልናገረው ይገባኝ ነበር።

እህቴ፣ ለልጅሽ የቤቱ ሕግ እንዲህ ይሁን። ዚፕ ዚፕ ነው። ደጅ ያለ እባብ ሁሉ መርዛማ ነው ተብሎ ይታለፋል። ባለበት ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትልቅ ሰው ይጠራል። አያነሳም፣ በእንጨት አይነካካም፣ ለፎቶ አይጠጋም። የሞተ ቢመስልም አይነካም፤ መርዛማ እባብ ከሞተ፣ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ አፉ ሊነክስ ይችላል። "በቀለሙ አውቀዋለሁ" የሚባል ነገርም የለም። ኮርን ስኔክ ራሱ በአገሩ ኮፐርሄድ ከሚባል መርዛማ እባብ ጋር እየተምታታ ይገደላል። እዚያ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው የሚያምታቱት፤ የ13 ዓመት ልጅ አይለይም።

እኔ ይሄን ሕግ ለወንድሜ ልጅ ስነግረው "እሺ" ብሎ አለፈ። አልለቀቅኩትም። ከሳጥኑ ፊት አቁሜ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ሐኪሟ_ነኝ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ መርዙና ስለ መጠምጠሙ የተባለው ልክ ነው። እኔ ግን ሁላችሁም ዘላችሁ ያለፋችሁት ላይ ልቁም። የ3 ዓመት ልጅ አለች።

ጤነኛ የሚመስል እባብ አንጀቱ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። እሱን አያሳምመውም። ከዓይነ ምድሩ ወደ ቆዳው፣ ወደ ውኃ ሳህኑ፣ ወደ ሳጥኑ ይዛመታል። ትልቅ ሰው ቢይዘው ተቅማጥና ትኩሳት ሆኖ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ሕፃን ላይ ግን ይከፋል፤ ሕፃን ደግሞ የነካችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ከ65 ዓመት በላይ አረጋዊ፣ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያሉ እንስሳት ባይኖሩ ይመረጣል ይላል። በዚያው አገር በ1975 እ.ኤ.አ. ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ትንንሽ ኤሊዎችን መሸጥ የተከለከለው በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበርና።

ስለዚህ "ምንም ችግር የለም" አልልሽም። "መልሱት" ማለትም መብትሽ ነው፣ ማንም ክፉ እናት አይልሽም። ከኖረ ግን ትንሿ ልጅ 5 ዓመት እስክትሞላ አትነካውም። ሳጥኑንም፣ ሳህኑንም፣ ወንድሟ ሲይዘው የነካውን ልብስም ጭምር። ልጅሽ በነካው ቁጥር እጁን በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ የእጅ ማጽጃ ጄል ሳሙናን አይተካም። የእባቡ ዕቃ ወጥ ቤት አይታጠብም። የራሱ ባልዲ ይኑረው፣ እጣቢው መጸዳጃ ቤት ይደፋ። ምግብ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ደግሞ ልጆቹ እባብ መሳም እንደሚወዱ አውቃለሁ። አይሳምም!

የሁለት_ልጆች_እናት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥሽ። የሚገርምሽ፣ ይሄን ሳነብ ቀለል አለኝ። የሚታጠብ ነገር ከሆነ እችልበታለሁ። እኔን የገደለኝ የማላውቀው ነገር ነበር።

ሳጥኑን ከፍ አድርገን መቆለፊያ አደረግንበት፣ ሳሙናው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የፍሪዘሩን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጥግ_ያዥ

የፍሪዘሩ ለእኔ ይተው። አይጧ ተገድላና በርዳ በከረጢት ታሽጋ ነው የምትመጣው። ለዚፕ አሁን የሚሆነው ገና ፀጉር ያላበቀለች ጨቅላ አይጥ ናት፤ የአውራ ጣት ግማሽ ብትሆን ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቻት፣ ላዩ ላይ ጻፊበት፣ ከምግባችሁ ለይተሽ ታች አስቀምጪ። ቅዝቃዜ ሳልሞኔላን ስለማይገድል ዕቃው ሌላ ሥራ አይሥራ። አንድ ጊዜ እኔ ሳልጽፍበት ቀርቼ እንግዳ በረዶ ፍለጋ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ቤቴ ውኃ እንኳ አልጠጣም።

ስትመግቡት ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዷት፣ በማግስቱ በከረጢቷ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሙቋት። ማይክሮዌቭ እንዳትሞክሩ፤ ትፈነዳለች፣ የምታጸጂው ደግሞ አንቺ ነሽ። ዚፕ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ሲያድግ በ10 ቀንና በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል። በረጅም መቆንጠጫ ይሰጠው እንጂ በጣት አይሰጠው። ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካ፣ ያስመልሰዋል።

እሺ_አላልኩም

ነፍስ ያለውን አይጥ ለምን አይሰጡትም? ተፈጥሮው ማደን አይደል?

ጥግ_ያዥ

የአይጥም ተፈጥሮዋ መንከስ ነው። ያልራበው እባብ ጋ አይጥ ትተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ጀርባው ተቦጭቆ አጥንቱ የታየ እባብ አግኝተዋል። ጫካ ውስጥ ይሸሻል፤ ሳጥን ውስጥ የት ይሂድ?

ስለ ማምለጥም ልጨምር፣ ልምዱ ስላለኝ። የእኔ የመጀመሪያው እባብ ክዳኑ ላይ መጽሐፍ ጭኜበት ነበር የሚያድረው። ሁለት ወፍራም መጽሐፍ። በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፎቹ እንዳሉ ሆነው እባቡ የለም። ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው አካሉ ይከተላል። እርሳስ የምታሾልክ ቀዳዳ ዚፕንም ታሾልካለች። ስለዚህ ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን፣ የሽቦ መግቢያው ጥጋጥግም ይታይ።

ሌላው ማሞቂያው ነው። እባብ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚያገኘው። የሳጥኑ አንድ ጎን ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ይሙቅ፣ ሌላው ጎን ከ22 እስከ 25 ይቀዝቅዝ፣ እሱ እየተመላለሰ ራሱን ያስተካክላል። በሁለቱም ጎን መደበቂያ፣ አንድ ሳህን ንጹሕ ውኃ፣ አለቀ። ግን ማሞቂያው ቴርሞስታት፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያ ይኑረው! እኔ ስገዛ ሻጩ "አያስፈልግም" አለኝ፣ አመንኩት። የእባቤ ሆድ ተቃጠለ፣ ቅርፊቱ ጠቁሮ ተላጠ። ዛሬም ጠባሳው አለ። እባቦች የሆዳቸው ሥር ሲግል ቶሎ አይሸሹም። ለቤታችሁም ቢሆን እሳት የሚያስነሳው እባቡ ሳይሆን ቁጥጥር የሌለው ማሞቂያ ነው።

ሐኪሟ_ነኝ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ሰው ደግሞ ያንብባት።

ቅርፊት_ወዳጅ

አያያዝም ትንሽ ልበል። ከላይ አትንጠቁት። ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ ጭልፊት ነው። ከጎን፣ ከሆዱ ሥር፣ በሁለት እጅ። ከመያዙ በፊትም እጅ ይታጠብ፤ የአይጥ ወይም የሃምስተር ሽታ ያለበት ጣት ምግብ ነው የሚመስለው። ቢነክስ መርፌ እንደነካሽ ያህል ነው። በሳሙና ታጠቢው፣ ካበጠ ወይም ከቀላ ለሐኪም አሳዪው። ይዞ ካልለቀቀ አትጎትቺው፣ ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ራስሽን ትቀጂያለሽ፣ ጥርሱም ይነቀላል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ይለቃል።

ሌላ፣ በምትኖሩበት አገር ማሳደግ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ አረጋግጡ። ከዱር የተያዘ ሳይሆን በሰው እጅ የተፈለፈለ መሆኑንም ጠይቁ። የዱሩ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል፣ ሰውም አይለምድ።

ጥግ_ያዥ

ስለ ዕድሜ ስላነሳህ፦ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ የነበረች ቦል ፓይተን የሚባል ዓይነት አንዲት ዘንዶ በ2020 እ.ኤ.አ. ሰባት እንቁላል ጣለች። ያኔ ዕድሜዋ ከ60 በላይ ነበር፣ ወንድ አጠገብ ከደረሰች ደግሞ ቢያንስ 15 ዓመት ሆኗት ነበር። ለእናትየው ማጽናኛ እንዲሆን ነው፤ ኮርን ስኔክ እንዲህ አይቆይም።

የሁለት_ልጆች_እናት

ጠፋ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልጄ ውኃ ቀይሮለት መቆለፊያውን "ቀጭ" ሳያደርግ ወጣ። ሳጥኑ ባዶ ነው። ምን ላድርግ? ቶሎ!

ጥግ_ያዥ

አትደንግጪ። መጀመሪያ የክፍሉን በር ዝጊ፣ ሥሩን በፎጣ ወትፊ። (በዚህማ ተክነሽበታል።) ትንሿን ሌላ ክፍል አስተኚ። ሩቅ አይሄድም፤ ጠባብ፣ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሥር፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ኋላ፣ ጫማ ውስጥ እዩ። ካላገኛችሁት መብራት አጥፍታችሁ በየግድግዳው ሥር ዱቄት ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ። ሌሊት ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ጠዋት መንገዱን ይነግራችኋል።

እሺ_አላልኩም

"እኔ ተናግሬ ነበር" አልልም። ሲገኝ ንገሩን።

የሁለት_ልጆች_እናት

ተገኘ!

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ዱቄቱ ላይ የሆነች ሞገድ የመሰለች ቀጭን መስመር አለች፤ ልጅ በጣቱ የጻፈው ነው የሚመስለው። ከአልጋው ሥር ወጥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን ኋላ ትገባለች። ሳጥኑን ሳነሳው ዚፕ እዚያ ሙቀቱ ላይ እንደ ጫማ ክር ተጠቅልሏል።

ልጄ እንቅልፍ ላይ ነው፣ አባትየው ሥራ ገብቷል። ከሮጥኩ ተመልሶ ይጠፋል። እጄን ከጎን ሰደድኩ፣ ከሆዱ ሥር፣ እንዳላችሁት። እርጥብና የሚያንሸራትት ነገር ነበር የጠበቅኩት። ደረቅ ነው! እንደ ቆዳ ቀበቶ ደረቅ፣ ለብ ያለ። ጣቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ስስ ነው፣ ግን ይይዛል። ምላሱን አወጣ፣ አስገባ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሳጥኑ እስክደርስ አሥር እርምጃ ናት፣ አንድ ሰዓት ነው የመሰለችኝ። ከዚያ "ቀጭ" አደረግኩት። ሁለቴ።

እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ፣ ዶክተር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፈርቼ አይመስለኝም።

ቅርፊት_ወዳጅ

እናቴ ይሄን ደረጃ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጅቶባታል።

የሁለት_ልጆች_እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። የዚፕ ዓይን ደመና ለብሷል፣ ሰማያዊ ነጭ ሆኗል። ቀለሙም ደብዝዟል። አይጧን እምቢ አለ። ታወረ እንዴ? ልጄ ምግብ ቀርቶበት ሲያለቅስ ነው የዋለው።

ሐኪሟ_ነኝ

ቆዳውን ሊቀይር ነው። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሸፈነችው ብርሃን የምታሳልፍ ቅርፊት ናት፣ እሷም ከቆዳው ጋር ትቀየራለች። ከሥሯ ፈሳሽ ሲገባ ነው ደመና የሚመስለው። ደብዘዝ ብሎ ስለሚታየው ይደናገጣል፣ አትንኩት። ምግብም አትስጡት። እርጥብ ሙስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የተደረገበት መደበቂያ አስገቡለት። ከመቀየሩ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ዓይኑ መልሶ ይጠራል፣ ያኔ ደርሷል ማለት ነው። ሲጥለው ጭንቅላቱ ላይ ሁለቱ የዓይን ሽፋኖች አብረው መውጣታቸውን እዩ። ካልወጡ ራሳችሁ እንዳትቆነጥጡ፣ አምጡት።

የሁለት_ልጆች_እናት

ዛሬ ጠዋት ጣለው! ከአፍ እስከ ጭራ አንድ ወጥ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ። ልጄ በጓንት ዘርግቶ ለካው፤ 48 ሴንቲ ሜትር። "ቆዳው ስለሚለጠጥ ከእሱ ይረዝማል" ብሎ አስረዳኝ፣ ባለሙያ ሆኖ። ዚፕ ራሱ ዛሬ የተቀባ ነው የሚመስለው። ከሰዓት በኋላ አይጧን በልቷል።

ትንሿ በሩ ላይ ቆማ "ልብሱን አወለቀ?" አለች። አዎ አልኳት። "ይበርደዋል" አለች።

እሺ_አላልኩም

አሁንም እባብ አልወድም፣ ይታወቅልኝ። ግን የዓይኖቹ ሽፋን ወጣ ወይስ አልወጣም? ፎቶ ጫኚልን።